ቀዶ ጥገናው እስኪያልፍ እንዳትሰማ

ጓደኛዬ ከሞተች በኋላም ትጽፍልኝ ነበር።

እንዲህ ስል የሚያማትብ ሰው አለ። አያማትብ፤ መንፈስ አላየሁም፣ ያየሁት ስልክ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ጁባ ገና ሳትግል፣ አትላባራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ፕላስቲክ ወንበሬን ስቤ ሻይ ስጠጣ ስልኬ ጢን ይላል። አያለሁ፤ ስሟ፣ ከስሟ አጠገብ ያ ጥርሷ ሁሉ የሚታይበት ፎቶዋ። «እንዴት አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ። አይዞሽ፣ ቀላል ነው» ይላል ጽሑፉ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብዬ እመልሳለሁ። በዚያን ጊዜ እሷ አዲስ አበባ ከተቀበረች ሰንብታለች። እኔም ይህን አውቄያለሁ። እያወቅሁ እመልስ ነበር፤ ጉዱ እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ልናገር። ጁባ ውስጥ በአንድ የአየር መንገድ ቲኬት ቢሮ የምሠራ ሴት ነኝ። ባሌ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብለን መጥተን ይኸው ቤታችን ሆኖ ቀርቷል። ልጅ አልሰጠንም። ጡቴ ውስጥ ያለውን ነገር ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። የጁባ ሙቀት ሰውን በቀን ሁለት ሦስቴ ያስታጥባል፤ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ፣ ከባልዲ ውሃ እየቀዳሁ ሳለ ሳሙና ያዳለጠው ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሽምብራ የምታህል፣ ብነካት ንቅንቅ የማትል። ደግሜ አልነካኋትም። ወጣሁና ምስር ወጥ ሠራሁ። ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬበት ኖሯል፤ ባሌ ዝም ብሎ በላው።

አዲስ አበባ ሄጄ በመርፌ ወስደው መረመሩት። ካንሰር ነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። «በጊዜ ደርሰሻል። ጡቱን እናወጣዋለን፣ ከዚያ መድኃኒቱን እናስከትላለን። አልጋ ሲገኝ ይደወልልሻል» አለኝ። ወረፋ ማለት ነው። ወረፋዬን ጁባ ሆኜ ልጠብቅ ብዬ ተመለስኩ። እናትና አባቴ የሉም፤ አዲስ አበባ የቀረኝ ዘመድ ከንፈር መጣጭ ነው። ከንፈር ሲመጠጥልኝ ከምውል የጁባ አቧራ ቢያንቀኝ ይሻለኛል አልኩ።

ቢሮ ተመልሼ ስቀመጥ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ለሕመምተኛ ቲኬት ስቆርጥ ዓመታት ኖሬአለሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ሲቆሙ አውቃቸዋለሁ፤ ትልቁን የራጅ ፖስታ ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው የሚመጡት። «ዊልቸር ይፈልጋሉ?» ስላቸው ቀና ብለው አያዩኝም። አሁን እነሱን ሳይ፣ መስታወቱ ላይ የራሴ ፊት እነሱ ፊት ላይ ይደረብብኛል። የማናግረው ሰውዬውን ይሁን ራሴን እየተምታታብኝ የጉዞውን ቀን ሁለት ጊዜ የጠየቅኩት ሰው አለ።

ከባሌ ቀጥሎ የነገርኩት ለዚያች ጓደኛዬ ነው። ካቶር የሚባል ሰፈር፣ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ የልጆች ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ ነበራት። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጇን አዲስ አበባ ኮሌጅ አስገብታ የምታስተምር ሴት ናት። አፏ አይጣል ነው! በጁባ ዐረብኛ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር መንገደኛ ቆሞ ያዳምጣታል። ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር የሄድኩት።

«እሰይ!» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«እሰይ ነው የምልሽ። ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር።» የሱቁን መጋረጃ ስባ ሸሚዟን ፈታች።

የግራ ጡቷ ቆዳ ወደ ውስጥ ተስቦ ተጨማዷል። የትናንት ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። «ለማን ተናገርሽ?» ብላት «ላንቺ፣ አሁን» አለች። ልጇ እስክትመረቅ ልታቆየው አስባ ነው፤ በሽታ ቆይ ሲሉት የሚቆይ ይመስል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ቁልፎቿን አንድ በአንድ ቆለፍኩላት፤ አንዱን አሳስቼ ቆለፍኩት፣ እሷም ሳቀችብኝ።

ጨቅጭቄ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትመረመር አደረግኳት፤ የእሷ የባሰ ስለነበር ቀድማ ተጠራች። ቲኬቷን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። «ቀድሜ ልየውና ምን ምን እንደሚል እነግርሻለሁ፤ አንቺ ተምረሽ ትመጫለሽ» ብላኝ ሄደች።

እውነትም ነገረችኝ። መጻፍ አትወድም፤ «ጣቴ ወፍራም ነው፣ አንድ ፊደል ስነካ ሦስት ይወጣል» ትላለች። የምትልከው ድምፅ ነው። ከቀዶ ጥገናው በነጋታው እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦ «ስሚ አንቺ ፈሪ! ከብብቴ ሥር ቱቦ አውጥተው ጠርሙስ አንጠልጥለውልኛል። ጠርሙሴን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስንገዳገድ ከጠጅ ቤት የተባረርኩ ነው የምመስለው። ያማል? አዎ ያማል። ግን ይቻላል። መስታወት አምጡ ብዬ አየሁት፤ ሜዳ ነው። ሜዳ! ኳስ ያጫውታል።» ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ ቁስሏን ሲወጋት «ወይኔ» ብላ አቆመች። እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ድምፅ ነበር። ቢሮ ሆኜ ሲጨንቀኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እሰማዋለሁ። እሷ ከቻለችው እኔም እችለዋለሁ እላለሁ። ሌላ የምደገፍበት ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ ድምፁ ቀረ። ለቀናት ዝም አለች። ብደውል አይነሳም። ባሌን ስጠይቀው ጫማውን እያሰረ «ሕክምና ላይ ናት፤ ተያት ትረፍ» አለኝ። ቀጥሎ ጽሑፍ መጣ፦ «ጉሮሮዬን አሞኝ ድምፄ ተዘግቷል፣ በጽሑፍ እናውራ። እኔ ደህና ነኝ።» አንድም የተሳሳተ ፊደል የለበትም። አንድም ስድብ የለበትም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሞኝነቴን ልደብቀው አልችልም፤ ደስ ብሎኝ ጎረቤት እስኪሰማ እልል ልል ነበር።

ድንኳኑን ያየሁት በሁዳዴ ነው። የቢሮ ጉዳይ ይዤ በቦዳ ቦዳ ሞተር ካቶርን ሳቋርጥ፣ ከሱቋ ጎን ባለው ግቢ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። የተቀመጡት የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ የእኛው ሰዎች። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። አንዲት ሴት አየችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ዞረች። ነጂውን አቁም ብዬ እዚያው ለእማማ ደወልኩ። እማማ የምንላቸው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ከወሎ የመጡ ሙስሊም፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ምስር በጅምላ የሚሸጡ። ጁባ ውስጥ ሐበሻ ሲወልድም ሲታመምም ሲሞትም መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ካቶር የተተከለው ድንኳን የምንድን ነው?»

«ሰርግ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«የማን ሰርግ?»

«የአንድ… የአንድ ሹፌር። ክርስቲያን ነው። አንቺ አታውቂውም። አብሽሪ!»

ስልኩን ዘጋሁት። እማማ ሽንኩርት መሸጥ እንጂ ውሸት አይችሉበትም። ሙስሊም በመሆናቸው ሁዳዴ መግባቱን ልብ አላሉትም። በሁዳዴ የሚዳር ክርስቲያን የት አለ? የትኛው ቄስ ነው የሚባርከው? ደግሞስ ከበሮ የሌለበት፣ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ካርታ የሚጫወቱበት ሰርግ በየት አገር ነው? ካርታ የሚጫወቱት ለቅሶ ቤት ነው። የሞተሩ ነጂ መቆም ሰልችቶት ሲዞር «ካላስ፣ በቃ ንዳ» አልኩት። አላለቀስኩም። ባለቅስ ሞተሩ ላይ ነው፣ ሞተር ላይ ደግሞ እንዴት ተደርጎ ይለቀሳል?

የእኛ ሰው መርዶ እንዲህ በዋዛ አይናገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ተመርጦ ነው። ለታመመ ሰውማ ጭራሽ አይነገርም፤ ይበልጥ ይታመማል ተብሎ። ስለዚህ እዚያ ድንኳን ውስጥ ምን እንደተባለ ማንም ሳይነግረኝ ሰማሁት፦ «ቀዶ ጥገናው እስኪያልፍ እንዳትሰማ።» እኔም ስለ ሌላ ሰው ስንቴ እንዲህ ብያለሁ።

በነጋታው ጠዋት ስልኬ ጢን አለ። «እንዴት አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ።»

ስልኩን ወንበሩ ላይ ትቼ ግቢውን ዞርኩት። ተመልሼ ሳየው አለ፤ ፎቶዋም እየሳቀ ነው። ካልመለስኩ መሞቷን ማመኔ ነው። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብዬ ጻፍኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ይህ ነው። ማን እንደሚጽፍልኝ ራሴን አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁና።

ከዚያ ወዲያ የሄድኩበት ሁሉ ትቀድመኛለች። ገበያ ውስጥ ከኋላዋ አያታለሁ፤ ያ ወደ አንድ ጎን የሚያደላ አረማመዷ፣ ያ ቢጫ ሻሿ። ተከትዬ ስደርስባት የማላውቃት ሴት ትሆናለች፤ «ማሌሽ፣ ይቅርታ» ብዬ እመለሳለሁ። ልብሴን የማወልቀው መብራት አጥፍቼ ሆነ፤ የራሴን ጡት ባየሁ ቁጥር የማየው የእሷን ነው። ተናደድኩባትም። «ይቻላል ብለሽኝ! ይቻላል ብለሽኝ አልነበር?» ብዬ ባዶ በረንዳ ላይ የጮህኩበት ጠዋት አለ።

ከሁሉ የከፋው ግን የምጽፍላት ነገር ነው። መሞቷን ስለማውቅ፣ ከሕያው ሰው የማይጠየቀውን ጠየቅኳት። «ፈርተሽ ነበር?» አልኳት። «መጨረሻ ላይ ሰው መሄዱን ያውቃል?» አልኳት። መልሱ ቶሎ አልመጣም። ወደ ማታ ላይ መጣ፦ «ፈርቼ ነበር። ግን ልጄ እጄን ይዛኝ ስለነበር ቻልኩት።»

ሆስፒታሉ የደወለው በዚያው ሳምንት ነው። አልጋ ተገኝቷል፣ ሰኞ ትገቢያለሽ አሉኝ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ እንደ ጨዋ ሰው። ልቤ ግን ላለመሄድ ቆርጧል። የእሷ ዘግይቶ፣ የእኔ በጊዜ መሆኑ ተነግሮኛል፤ ካንሰር ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ተነግሮኛል። ፍርሃት እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው አይሰማም። ቢላዋው ነው የገደላት፣ እኔንም ይገድለኛል፤ ይኸው ነው። ባሌ እንዳይጠረጥር የእሁዱን ቲኬቴን ራሴ ቆረጥኩ፤ መመለሻውን ክፍት ተውኩት። በመሄጃዬ ጠዋት ራሴ እሰርዘዋለሁ አልኩ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለሰው ስሠራው ኖሬአለሁ።

ግቢያችን ውስጥ ፊት ለፊታችን የምትኖር የአገሩ ልጅ አለች፤ ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ የተማረች፣ በአማርኛ ስትሳደብ ከኔ የምትበልጥ። በዋዜማው ቅዳሜ ልብስ ስታሰጣ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አገኘችኝና «አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ሰውነትሽን እኮ ጨረሽው» አለችኝ። ነገርኳት። ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ፣ እዚያው እርጥብ ልብስ መሃል ቆሜ ነገርኳት።

«እናንተ ሐበሾች ትገርማላችሁ!» አለች። «ሰው ሞቶ ይደበቃል እንዴ? እኛ ጋ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል።»

«ለእኔ ብለው ነው።»

«ላንቺስ ይሁን። ለሷስ?» መቆንጠጫዎቹን ባልዲው ውስጥ ጣለቻቸው። «አያቴ፣ ያልተለቀሰለት ሰው መንገድ አይጀምርም ትል ነበር። በር ላይ ቁጭ ይላል አሉ። እንጃ፣ የአሮጊት ወሬ ነው።» ትንሽ አሰበችና «ቆይ ግን፣ ማን ነው የሚጽፍልሽ? ሙት እኮ ካርድ አይሞላም!» አለች።

ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ሳያልቅ ገባኝ። ልጅቷ ናት። ሌላ ማን የእሷን ስልክ ይይዛል? እናቷን ቀብራ የመጣች ልጅ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ጠዋት ጠዋት «እኔ ደህና ነኝ» እያለች የምትጽፍልኝ እሷ ናት። «መጨረሻ ላይ ሰው መሄዱን ያውቃል?» ብዬ የጠየቅኩት እሷን ነው። ወይኔ! አፈር በበላሁ! እዚያው ታዛው ሥር ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሲበርድልኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ልጄ፣ አንቺ መሆንሽን አውቄያለሁ። እናትሽ ማረፏንም አውቄያለሁ። የጠየቅኩሽን ሁሉ ይቅር በይኝ።»

ከሰዓት በኋላ መለሰችልኝ። «አክስቴ፣ ጋሼን እንዳትቆጪያቸው። ሕክምናሽን ትተሽ እንዳትቀሪ ፈርተው ነው የለመኑኝ።» ጋሼ የምትለው ባሌን ነው። ቀጥሎ ሌላ መጣ፦ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ወድጄው ነው የምጽፈው። ላንቺ ስጽፍ እማዬ ያለች ይመስለኛል። እዚህ ቤት ሰው ሁሉ እኔ እንዳላለቅስ ብሎ እሷን ማንሳት ትቷል። እማዬን እንዴት ነሽ የሚላት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ይህን አንብቤ ምን እንደሆንኩ አልናገርም።

ባሌ ሲመጣ ግን አልማርኩትም። «የሞተች ሴት ስልክ ላይ ልጇን ታስቀምጣለህ? ልብ የለህም?» አልኩት። የራስ ቆቡን እንኳ አላወለቀም፤ ከነአቧራው በር ላይ ቆሞ ሰማኝ።

«ልትቀሪ ነበር» አለኝ።

«አዎ! አሁንም ልቀር ነው!»

ወጣ ከአፌ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ግንብ ሲሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ» አለ። «ይህን ምን እንደማደርገው አላውቅም። እንዳትሞቺብኝ ነው የፈለግኩት። ሌላ ነገር አላሰብኩም።» የራስ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። በትዳራችን ዘመን እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ብናደድም እጁን ያዝኩት፤ ምን ላድርግ?

እሁድ ጠዋት የእድሩ ሴቶች ሊሸኙኝ መጡ። እማማ ከፊት ናቸው፤ ቆሎ በፌስታል ይዘዋል። ሁሉም ደማቅ ልብስ ለብሰዋል፤ ለእኔ ሲባል ጥቁራቸውን ቤት ጥለው እንደመጡ ገብቶኛል። ስለ አየሩ አወሩ፤ ስለ አዲስ አበባ ብርድ አወሩ። ስለ እሷ ትንፍሽ የሚል የለም። ሻንጣዬ በሩ ላይ ነው። ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ ልሰርዘው ቲኬቱን ከፍቼዋለሁ። እማማ «በይ ልጄ፣ ሰዓቱ ደረሰ» ሲሉ አልተነሳሁም።

«መርዶዬን ንገሩኝ» አልኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ባሌን አየችው፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ምን ትላለች ይቺ ልጅ?» አሉ እማማ። «በሰላም ሄደሽ ስትመለሺ እንጫወታለን።»

«ካልተመለስኩስ?»

«እረ አስታግፊሩላህ! እንዲህ አይባልም!»

«ይባላል እንጂ! ካልተመለስኩ እሷን ሳላለቅስላት ልሄድ ነው? ሳምንታት ሙሉ የሞተች ሴት እንዴት አደርሽ ስትለኝ ነው የከረምኩት። ደረቴ ላይ ያለው አንሶኝ እሷንም ተሸክሜ ቢላዋ ሥር አልገባም። ንገሩኝ። ካልነገራችሁኝ አልሄድም፤ ሻንጣውን መልሱት።»

እማማ ቆሎውን አስቀመጡ። ከዚያ በዓይናቸው ጠቀሱ፤ ሁለት ሴቶች ተነሥተው ግራና ቀኜን ያዙኝ፤ እንደ ወጉ። እማማ ፊቴ መጥተው ቆሙ። «ልጄ፣ ጓደኛሽ አርፋለች። አገሯ ተቀብራለች። ለኛም እንዳንቺው እህታችን ነበረች፤ ያልነገርንሽ ላንቺ ፈርተን ነው» አሉ።

የማውቀው ነገር ነው። አውቄው፣ አብሬው በልቼ ጠጥቼ፣ አብሬው ስተኛ ከርሜ። ከሰው አፍ ስሰማው ግን ስሟን ጠርቼ ጮኽኩ። ይህን ጊዜ ሴቶቹም ፈነዱ፤ ለካ እነሱም እኔ ፊት ሲስቁ ከርመው አልቅሰው አልጠገቡም። ከኋላዬ ያለችው ከሁሉም በለጠች፤ «ወይኔ ሁለቱ እህቶቼ! ወይኔ ጓደኛሞቹ! በአንድ ዓመት ላጣችሁ?» ትላለች።

ዞርኩባት። «አንቺ! እኔን አታልቅሺኝ! እኔ ገና ነኝ!»

«አፌ ላይ መጥቶብኝ ነው፣ እናቴ፣ ይቅርታ» አለች ንፍጧን እየጠረገች። አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋም ሳቀች፤ እየሳቅን ለቅሶው እንደገና ያዘን። በዚህ መሃል ሐዘኑ ሙሉ በሙሉ መጣብኝ። እጄ እንዲያው በልማድ ወደ ላይ ተነሣ፤ የእናቴን ለቅሶ፣ የአክስቴን ለቅሶ እንዳለቀስኩት ደረቴን ልመታ።

እማማ አየር ላይ ያዙት።

ያ ሁሉ ሴት ደረቴን አየ። በነዚያ ወራት ሁሉ ዓይናቸውን ከዚያ ሲያሸሹ ነበር፤ ሲያወሩኝ ጣራ ያያሉ፣ ስልክ ያያሉ። አሁን ግን ሁሉም አየው፣ እኔም አብሬያቸው ጎንበስ ብዬ አየሁት። እዚያ ነው ያለው፤ በዚህ ሳምንት የሚወጣው።

«ያንን ተይው፣ የታመመ ነው» አሉ እማማ ቀስ ብለው። ሻርፓቸውን ገለጥ አድርገው እጄን ወደ ራሳቸው ደረት ሳቡት። «በኔ ምቺ።»

«እረ እማማ፣ በሞቴ…»

«ምቺ እያልኩሽ ነው! ስንት ኩንታል ሽንኩርት የተሸከመ ደረት ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ?»

መታሁ። መጀመሪያ ፈራ እያልኩ፣ ከዚያ ስሟን እየጠራሁ፣ ከዚያ ስለ እሷም ስለ ልጇም ስለ ራሴም መታሁ። እማማ አልተነቃነቁም፤ እንባቸው ብቻ እጄ ላይ ይወርዳል። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ቆሙልኝ። ከዚያ «በቃሽ?» አሉኝ። «በቃኝ» አልኩ።

ባሌ ሻንጣውን አንሥቶ መኪናው ላይ ጫነ። ፊቴን ታጠብኩና ጫማዬን አደረግኩ።